በላይነሽ ያልተቆጠረችበት ቅዳሜ

የትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ እዚህ ሲያትል የራሱ ሽታ አለው፤ የወለል ሰም፣ የካርቶን ወተት፣ የተጠበሰ ድንች፣ በዚያ ላይ የእርጥብ ጃኬት ሽታ። እዚህ ከተማ ጃኬት ደህና አድርጎ የሚደርቀው በበጋ ብቻ ነው። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ኤደን ትምህርት ቤት ልጆቹ የሰሩትን ለወላጅ የሚያሳዩበት ምሽት ነበር። እናቷ ስራ ስለነበረባት እኔ ሄድኩላት። በሩን ገፍቼ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝና ባለሁበት ቀረሁ። አዳራሹ ሌላ ነው፤ ሽታው ግን ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ተናድጄ የወጣሁበት አዳራሽ ሽታ ነው። ኤደን እጄን እየጎተተች «አያቴ፣ ካም ኦን፣ የኔ እዛ ጋ ነው» አለችኝ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ያለፈ የፕሬዚዳንት ምርጫ ደርሶት፣ የየስቴቱን ውጤት በካርታና በቀለም ሰርቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። የኤደን ካርታ ንጹህ ነው፤ እጇ ጎበዝ ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ እያቀላቀለች አስረዳችኝ። ከትልቁ ምርጫ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን እጩ ይመርጣል፤ አንዳንዱ ስቴት ፕራይመሪ በሚሉት፣ በወረቀት፤ አንዳንዱ ኮከስ በሚሉት፣ ሰው ተሰብስቦ። «የኛ ስቴት ግን ዌርድ ነው» አለችኝ፤ «ሁለቱንም አደረጉ። ስብሰባው ለእጩው ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ አስገኘ። ወረቀቱ ግን፣ ይኸው እይ፣ ዜሮ።» ጣቷን ዜሮው ላይ አሳረፈች።

«ስንት ሰው ነው ይሄ ዜሮ?» አልኳት።

«ኖ፣ አያቴ፣ ሰው አይደለም። ብዙ ሰው ቮት አድርጓል። ጀስት አልተቆጠረም። ፎር ሾው ነበር።»

«ለትርኢት?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አስተማሪዋ ዞር ብላ አየችን። ልጅቷን አልተቆጣሁም፤ እሷ ያነበበችውን ነው የነገረችኝ። እኔን ያንገበገበኝ አባባሉ ነው። እኔ በዚያ ዜሮ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ስሟ በላይነሽ ይባላል፤ ዛሬም በህይወት አለች።

የእጩዎቹን ስም አልጽፍም። ስም ከጻፍኩ አንባቢ ወዲያው ወገን ይይዝና እኔ የምለው ነገር ይቀራል። «የኛ ሰው» እና «የነሱ ሰው» ብላቸው ይበቃል፤ ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ዓመቱንም ተዉት። አንገቱ የሚታጠፍ ስልክ የያዘ ሰው ዘመናዊ የሚባልበት ጊዜ ነበር። አገር ቤት ለመደወል ጀርባው በሳንቲም የሚፋቅ ካርድ ከተሾመ ሱቅ እንገዛለን፤ ሃያ ደቂቃ ያወራል የተባለው ካርድ እናቴ ገና «ደህና ናችሁ ወይ» ስትል ያልቅ ነበር። የአውቶቡስ ቲኬት እንደ ጋዜጣ የሳሳ ወረቀት ነው። ሹፌሩ ልቡ ደግ ከሆነ ረዘም አድርጎ ይቀድልሽና ቀኑን ሙሉ ስትሳፈሪበት ትውያለሽ፤ ክፉ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጥፍር የምታህል ይሰጥሻል። አሁን ካርድ አስነክተሽ ነው የምትገቢው፤ ደግ ሹፌርና ክፉ ሹፌር የሚለይበት ነገር ጠፋ።

የምንኖረው ዋይት ሴንተር አጠገብ፣ ደረጃው በዝናብ በሚያንሸራትት የአፓርታማ ግቢ ውስጥ ነበር። የቤት ኪራዩ ዛሬ ቤልቪው ውስጥ መኪና ለማቆም አይበቃም ብል ብዙም አላጋነንኩ። ማዕዘኑ ላይ የካምቦዲያዊቷ ዶናት ቤት ነበረች፤ ሲመሻሽ ስትሄጂ ያልተሸጠውን በከረጢት ሞልታ በአንዱ ዋጋ ትሰጥሻለች። ከሷ ቀጥሎ የቬትናሞቹ ጨርቅ ቤት፣ ከዚያ የተሾመ ሱቅ። ተሾመና ሚስቱ ጸሐይ በርበሬውንም፣ የድራማ ቪዲዮ ካሴቱንም፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም አንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጡ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ብቻ ያጫውታሉ፤ ተሾመ ካሴቱን ማገላበጥ ስለሚሰለቸው ሰፈሩ በሙሉ የአንዱን ወገን ዘፈኖች በቃሉ ሲያውቅ የሌላውን ወገን የሰማው ሰው አልነበረም።

በላይነሽ ከኔ በር ፊት ለፊት ነበረች። ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ሰማያዊ ሰደርያ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሰልቫጅ ከሚሉት የአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛችው እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ያበጠ ጃኬት። ጃኬቱ ሰውነቷን ሁለት እጥፍ ስለሚያደርገው «ድንኳኑ መጣ» እላታለሁ፤ «ዝናብ ሲመጣ ትለምኚኛለሽ» ትለኛለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የሰው አገር ሽማግሌዎችን ከበር በር ስትገፋ ውላ፣ ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትታ ከኔ ጋር ታወራለች። የዜግነት ፈተናውን ወድቃ ወድቃ ነው ያለፈችው። ያለፈች ቀን ስጋ ገዝታ ግቢውን ሁሉ ጠራች። እኔ ከሷ ቀድሜ አልፌ ነበር፤ እኔ ግን እንዲያ አልደገስኩም።

ድግሱ ለፓስፖርቱ አልነበረም። አገር ቤት ቀበሌ ስብሰባ ላይ «እጅ አውጡ» ሲባል እጇን ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። ማንን እንደምትመርጥ የጠየቃት የለም፤ እጇ መውጣቱን ብቻ ነው የሚያዩት። ወንድሟን ደግሞ በፓርቲ ወረቀት ነው የወሰዱት፤ ኪሱ ውስጥ ተገኘ ብለው። አልተመለሰም። «እኔ» ትለኝ ነበር በላይነሽ፣ «አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ አንድ ብለው ሲቆጥሩኝ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢያሸንፉም ባያሸንፉም የራሳቸው ጉዳይ።»

ስለዚህ የፕራይመሪው ወረቀት በፖስታ ሲመጣላት እንደ መስታወት በሁለት እጇ ይዛ መጣች። የኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ሞላን። እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁና እያነበብኩ፣ እሷ ጥቁር እስክሪብቶዋን ይዛ። ከኛ ሰው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ ስታጠቁር ከመስመሩ እንዳትወጣ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ፓርቲሽን ምልክት አድርጊ የሚል ቦታ መጣ። እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«ምንድነው የሚለው?»

«የትኛው ፓርቲ እንደሆንሽ ንገሪን ነው የሚለው።»

«በጽሁፍ? ስሜ ባለበት?»

«ካልሞላሽ አይቆጥሩትም ይላል።»

ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። ስለ ወንድሟ እያሰበች እንደሆነ አውቄያለሁ። በኋላ እስክሪብቶውን አነሳችና ምልክቱን አደረገች። «እንግዲህ ይምጡ!» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ቴምብር ለጥፈን፣ በእግራችን ሄደን፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ከተትነው። የሳጥኑን ክዳን ከፍታ ወርዶ እንደሆነ አየች።

ያ ነው እንግዲህ ዜሮ የተባለው።

የነገረችን ሜሮን ናት። ሜሮን ያኔ ወጣት ነበረች፤ እኛው ግቢ እየኖረች ቤልቪው ቢሮ ትሰራለች፤ እዚያ ቤት መከራየት ስላልቻለች ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ትመላለሳለች። ደረጃው ላይ አገኘችንና ወረቀቱን እንደላክን ስንነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ያ እኮ ለኛ ፓርቲ አይቆጠርም። ተወካይ የሚመረጠው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በሚደረገው ስብሰባ ነው። በአካል መገኘት አለብዎት።»

«ታዲያ ወረቀቱን ለምን ላኩልን?» አልኩ።

«ስቴቱ ነው የሚልከው። ፓርቲው ደግሞ አይቀበለውም።»

«ተቀበይ ብሎ የሚሰጥ አንድ፣ አልቀበልም የሚል አንድ፤ መሃል ላይ እኛ!»

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ እኔ ላይ አይጩሁ እንጂ!»

በላይነሽ ቅዳሜ ስራ አላት። አለቃዋን ለመነችው፤ የሰው እጥረት አለ፣ ከቀረሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ አላት። ደግሞ ማን ነው ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ የሆነው? ዊልቸር የሚገፋ፣ ሻንጣ የሚጭን፣ ሆቴል አንሶላ የሚቀይር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ከኛ ሰፈር ግማሹ ቅዳሜ ስራ ላይ ነው። ይህን ስብሰባ ያወጡት ሰዎች ቅዳሜ የሚያርፉ ሰዎች ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ የማይበርድልኝ ይሄ ነው።

አርብ ማታ በላይነሽ መጣችና እግሯን ሳትነክር ቆማ «ዘነብዬ፣ ቃሌን ይዘሽልኝ ሂጂ» አለችኝ። በኛ ዘንድ ይሄ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም። እድራችን ስብሰባ ሲጠራ ስራ ያለበት ሰው ለጎረቤቱ ቃል ይሰጣል። ጎረቤት ተነስቶ «እገሌ ስራ ላይ ነው፣ ሃሳቡ እንዲህ ነው» ይላል፤ ዳኛው ይቀበላል፤ ይመዘገባል። ዋሽቶ የተናገረ ሰው አላየሁም፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ያ ሰው ራሱ ይጠይቀዋል። እኔም «ይዤልሽ እሄዳለሁ» አልኳት። አሜሪካ ይሄን ይከለክላል ብዬ አላሰብኩም። ለምን ላስብ? የሚያስከፋው ነገር ምኑ ነው?

ቅዳሜ ዝናቡ ወደ ጎን ይመታል። አዳራሹ ጢም ብሏል። እነሱ እንደወትሮው ጥቂት ሰው ይመጣል ብለው ነበር፤ የዚያን ዓመት ግን ሰው ጎርፎ መጣ። ለልጆች በተሰሩ ጠረጴዛዎች ላይ ትላልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። ሰፈር ሰፈሩ የየራሱ ጠረጴዛ ነበረው። የኛን የሚመራው ጺሙ ነጭ፣ ሹራቡ አረንጓዴ የሆነ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ግን ቸኩሏል። የምንመዘገብበት ወረቀት እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። «ችግር የለም፣ ቆመን እንቆጠራለን» አለ። ሜሮን ናት የምታስተረጉምልን።

እኔ አስቀድሜ ተነሳሁ። «ሁለት ነኝ» አልኩ። «አንዱ የራሴ፣ አንዱ የጎረቤቴ የበላይነሽ። ኤርፖርት ስራ ላይ ናት። ቃሏን ሰጥታኛለች።»

ሜሮን እያፈረችም ቢሆን ነገረችው። ሰውየው ፈገግ አለ። ለታመመ ሰው፣ ለወታደር፣ ሃይማኖቱ ቅዳሜ ለሚከለክለው ሰው ቀድሞ የሚሞላ ወረቀት አለ፣ ለስራ ግን የለም አለ። ሜሮን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሞኛል ብላ ሞልታ ቢሆን ኖሮ ይቀበሏት ነበር» አለችኝ። ይኸውልሽ! ዋሽታ ብትተኛ ትቆጠራለች፤ ሰርታ ብትውል አትቆጠርም። ተቀመጥኩ፤ ግን አልዋጥኩትም።

ቆጠራው ተጀመረ። ሰፈራችን ለእጩው ድምፅ ወደሚሰጥበት ወደ ፓርቲው ቀጣይ ስብሰባ አምስት ተወካይ ይልካል፤ ብዙ ሰው ያለው ወገን ሶስቱን ይወስዳል፣ ሌላው ሁለቱን። ሰውየው «የመጀመሪያውን እጩ የምትደግፉ ተነሱ» አለ፤ የመጀመሪያው የኛ ሰው ነው። እኔ ተነሳሁ፣ ሜሮን ተነሳች፣ ሌሎችም ተነሱ። ተሾመና ጸሐይ የነሱ ሰው ደጋፊዎች ናቸውና ተቀምጠዋል፤ መንገዱን ሙሉ ከተሾመ ጋር ስንከራከር ነው የመጣነው። ሰውየው ጣቱን እየቀሰረ መቁጠር ጀመረ። ልክ ያኔ የአዳራሹ በር ተከፈተ፤ ጋሼ መኩሪያ ገቡ። ጋሼ መኩሪያ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሰማንያን አልፈዋል። ጥቁር ካፖርት፣ ግራጫ ባርኔጣ፣ ከዘራ፤ ዝናቡ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛችን መጡ።

የኛ አገር ሰው ምን ያደርጋል? ተነሳ። ተሾመ ተነሳ፣ ጸሐይ ተነሳች፣ ዳር ላይ የተቀመጠው የተሾመ ወንድም ተነሳ። «ኖር! ኖር!» አልን ሁላችንም። ጋሼም ባርኔጣቸውን አንስተው «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ በሞቴ» አሉ። ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ ደግሞ ወዲያው ቁጭ ማለት ነውር ነው፤ እሳቸው ወንበር እስኪይዙ ይቆማል። ሰውየው የቆመውን ሁሉ በጣቱ ለቅሞ ቆጠረ። ጋሼን ራሳቸውንም ቆጠራቸው። የቀረውን ተቀማጭ ደግሞ «ይሄ ሁሉ የሁለተኛው እጩ ነው» ብሎ ጻፈና «የመጀመሪያው ወገን ሶስት ተወካይ!» አለ። የኛ ወገን አጨበጨበ። ሶስተኛዋ ተወካይ ሜሮን ሆነች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ ደስታ ነበር።

ተሾመን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። «አንተ፣ ለኛ እኮ ተቆጠርክ!» አልኩት።

«አውቃለሁ እትዬ ዘነቡ።»

«ታዲያ አትናገርም?»

«ምን ልበል? ለጋሼ ነው የተነሳሁት፣ ለእጩ አይደለም ልበል? እሳቸው ፊት እንዴት ይባላል? መነሳቴን የቆጨኝ ይመስላል።»

ሰው በይሉኝታ ድምፁን ሲሰጥ አየሁ። እኔ ተነሳሁ። ሜሮን ቀሚሴን ያዘችኝ። «እትዬ፣ በማርያም፣ ዝም ይበሉ! ለኛ ነው እኮ የወጣው!»

«የኛ ያልሆነ ነው የወጣልን። ንገሪው።»

«እኔ አልነግረውም!»

«እንግዲያው እኔው እነግረዋለሁ» አልኩና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። «ሚስተር፣ ኖ ጉድ። ዚስ ፒፕል ስታንድ ፎር ኦልድ ማን። ኖት ቮት። ሪስፔክት። ካውንት አጌን!» ሰውየው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ጋሼን አየ፣ ተሾመን አየ፣ ገባው። መሳቅ ጀመረ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሜሮንም አልሳቀችም።

እንደገና ተቆጠረ። ተሾመ፣ ሚስቱና ወንድሙ ወደራሳቸው ወገን ሄዱ። ጋሼን ሲጠይቋቸው «የኔ በሆዴ ይቀመጥ» አሉ። ዞር ብለውም ለኔ «ልጄ ዘነቡ፣ እኔ በአደባባይ ወገን ለይቶ መቆም ያመጣውን አይቻለሁ። ወጉን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ማድረግ እኮ እሳቸውን ከመጀመሪያው አስቀርቷቸዋል። ሲደመር እኛ አነስን። ከነሱ ጋር እኩል ለመሆን አንድ ሰው ጎደለን። አንድ!

«እኩል ብትሆኑ ኖሮ ሳንቲም እንወረውር ነበር» አለ ሰውየው፤ የሚያጽናናን መስሎት ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ አሳየን።

ይሄን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ሜሮን፣ አሁን ታስተረጉሚያለሽ» አልኳት። «እንዲህ በይው። ለሽማግሌ የተነሳውን ቆጠርክ። ባርኔጣቸውን ያነሱትን ሽማግሌ ቆጠርክ። ለሳንቲም እንኳ ቦታ አለህ። ከንጋት ጀምራ ቆማ የምትውለው፣ ማንን እንደምትፈልግ ልካ የነገረችህ ሴት ናት ቦታ ያጣችው? እኔ የማይገባኝን ድምፅ መልሼልሃለሁ። አንተ ደግሞ የሚገባትን ስጣት!»

ሜሮን አስተረጎመች። ተቆጥታኝ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ቃል ሳታጎድል ነው ያስተረጎመችው። ሰውየው ሳንቲሙን ኪሱ መለሰና «ልክ ነሽ፣ ግን ህጉ አይፈቅድልኝም፤ አዝናለሁ» አለ። ማዘኑን አምናለሁ። ሀዘኑ ግን አይቆጠርም። ከወንበሬ ላይ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ሜሮን ለብዙ ወራት ሰላምታዬን በግንባሯ ብቻ ነበር የምትመልሰው። አልፈርድባትም፤ ተወካይነቷን ከእጇ ነጠቅኳት። ግን ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ያልተሰጠኝን ድምፅ ይዤ ያልተቆጠረችውን ሴት ቁጠሩልኝ ማለት አልችልም ነበር።

በላይነሽ ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠበቅኳት። ከነድንኳኗ ወርዳ ገና ሳታየኝ «እህስ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጋሼን አገባብ ስነግራት በሳቅ ሞተች። አንድ ሰው እንደጎደለ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ።

«አንድ?» አለች።

«አንድ።»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ነሽ።»

ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ወደ ግቢያችን ቀደመችኝ። ቆየት ብሎ የወረቀቱ ውጤት በቴሌቪዥን ተነገረ። ትምህርት ቤቶቹን ካጨናነቀው ሰው እጅግ የሚበልጥ ሰው ነበር ወረቀቱን በፖስታ የላከው፤ የሁለቱ እጩዎች ልዩነትም በስብሰባው እንደታየው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ተቆጥሮ፣ ተደምሮ፣ በቀለም ተሰርቶ፣ ከስሩ በትንሽ ፊደል ለእጩው የማይያዝ መሆኑ ተጻፈበት። ሻይ ይዤላት ነበር የገባሁት። በላይነሽ ቴሌቪዥኑን ቆማ አየችና ወደ በሩ ሄደች። «ወንድሜን ስለ ወረቀት ወሰዱት» አለችኝ። «የኔን ወረቀት ደግሞ የሚፈልገው ጠፋ።»

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሄደ። የካምቦዲያዊቷ ዶናት ቤት የስልክ ሱቅ ሆነ። ተሾመ ካሴቶቹን በሙሉ ጥሎ ሱቁን ለልጁ ሰጠ። ጋሼ መኩሪያን ቀበርናቸው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሜሮን ቤልቪው ቤት ገዛች፤ ከኔም ጋር ታረቅን። በኋላ አንድ ቀን ኮል አደረገችልኝና «እትዬ፣ ተሳካልዎት! ስብሰባው ቀረ። ከዚህ በኋላ ፓርቲው የሚቆጥረው በፖስታ የሚላከውን ወረቀት ነው» አለችኝ። እልል አልኩ። የአውቶቡስ ካርዴን ይዤ ቀጥታ ከኤርፖርቱ ወዲያ ወዳለችው ዴ ሞይን ሄድኩ፤ በላይነሽ ልጇ ጋ ነው የምትኖረው። ሰው ስትገፋ ጉልበቷ አልቆ አሁን እሷን ነው የሚገፏት።

ወረቀቱ መጥቶላት ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ ከሱቅ ማስታወቂያዎች ጋር እንደታሸገ ተቀምጧል። አነሳሁትና ፊቷ አቀረብኩላት።

«ክፈቺው። አሁን ይቆጠራል።»

«ማን አለ?»

«ህጉ ተለውጧል።»

«ያኔስ ስንሞላው አይቆጠርም የሚል ተጽፎበት ነበር?»

አልተጻፈበትም ነበራ።

«በላይ፣ ያኔ አንድ ጎድሎ ነው የተሸነፍነው። አንድ! ያየሽው ነው።»

«ተይ ዘነብዬ» አለችኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ቆመሽልኛል። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ስሜን ጠርተሽ ቆመሽልኛል። እሱ ይበቃኛል።»

«አይበቃሽም!» ብዬ ጮህኩባት። ልጇ ከጓዳ ብቅ አለች። አይበቃትም! እኔ መቆሜ የጎረቤት ወግ ነው፤ ማንም ለማንም ያደርገዋል። እሷ የፈለገችው አንድ ተብላ መቆጠር ነበር። ለሱ ፈተናውን ወድቃ ተነሳች፤ ለሱ እየፈራች ፓርቲዋን ጻፈች። ህጉን ሲያበላሹት እሷ ላይ አበላሹት፤ ሲያስተካክሉት ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ነገሩ። ያኔ አጥፍተናል፣ ድምፅሽን ጥለንብሻል፣ አሁን ተመለሽ ብሎ በሯን ያንኳኳ አንድም ሰው የለም። ይሄን ሁሉ አልኳት። አንድ ልጅ እናቱ ስትቆጣው እንደሚሰማ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጨረስሽ?» አለች። «ቁጭ በይ፣ ሻይ ፈልቷል።»

ልጇ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች። በላይነሽ እንደታሸገ ያለውን ፖስታ ከእጄ ተቀበለችኝና፣ ትኩሱ ጠረጴዛውን እንዳያበላሽባት፣ ከማንቆርቆሪያው ስር አነጠፈችው።